የተቃጠለ ብረት አይወረስም

ሌናርት ስለ ጠመንጃ ሲጠየቅ "ጥሩ ነው" ብሎ አያውቅም። "እስካሁን አልከዳም" ነው የሚለው። የሸለቆው ሰው ይህን አባባሉን እንደ ቀልድ ይደጋግመዋል፤ እሱ ግን ቀልድ የሚባል አያውቅም። ከድራቫ ወንዝ ወዲህ፣ ተራራው ሥር በተኮለኮለችው የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ ተወልዶ፣ ጸጉሩ ሳይሸብት ጣቶቹ በብረት ዱቄት የሸበቱ፣ ቁጥብ ባለ እጅ ነው። ጠመንጃ ሲሠራ ኖሮ አንድ ሚዳቋ እንኳ አልገደለም።

አዳኝ ጠመንጃ ሊያሠራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ እንጨቱ ነው። የገውዝ እንጨቱ ቀለም፣ የሥሩ ጥምዝምዝ፣ ሰደፉ ላይ የሚቀረጸው ቅጠል። ሌናርት አፉን ዘግቶ ያስጨርሰዋል። ከዚያ፣ "ይኸ ሁሉ ልብስ ነው፤ ሰውየው የታለ?" ይላል።

ሰውየው ማለት ልቡ ነው። በዚያ አገር የጠመንጃ ልብ የሚሉት ከአፈሙዙ ኋላ ያለውን ብረት ነው፦ ጥይቱ የሚገባበትን ቤትና በዚያ ቤት ውስጥ እየተንሸራተተ የሚቆልፈውን መቀባበያ። በመቀባበያው ጫፍ ሁለት ጉጦች አሉ፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም። ጥይቱ ሲፈነዳ በእሳቱና በተኳሹ ፊት መካከል የሚቆሙት እነዚያ ሁለት ጉጦች ናቸው፤ ሌላ ማንም የለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ስለ እንጨት ቀለም ሲያወሩለት ቢሰለች አይፈረድበትም።

ሌናርት ልብ ሲመርጥ አይቸኩልም። መደርደሪያው ላይ የድሮዎቹ ተደርድረዋል፤ ከጦርነት በፊት ብረት ብረት በነበረበት ጊዜ የተሠሩ። አንዱን ያነሳና መቀባበያውን ይስባል፣ ይመልሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። መስኮቱ ጋ ወስዶ ውስጡን ያያል። በመጨረሻ ማንም በማያየው በሆዱ በኩል ሞረድ ያስነካዋል። ጤነኛ ብረት ላይ ሞረድ እንደ መስታወት ላይ ይንሸራተታል። ከነከሰው አለቀ፤ ያ ብረት ለበር ማጠፊያ እንጂ ለሰው ፊት አይሆንም።

የሸለቆው ሰው ግን ልብ መምረጥ አይወድም፤ መውረስ ነው የሚወደው። አፈሙዝ ያረጃል፣ ይለወጣል። ሰደፍ ይሰበራል፣ ይለወጣል። ልቡ ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል፤ ልቡ እስካለ ጠመንጃው የአያት ነው ይባላል። በዚህ ልማድ ስንት ሰው ደረቱን ይነፋል! ደረት የሚነፋበትን ነገር ገልጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ሌላም ልማድ አለ፤ ይኸኛውን ማንም አያወራውም። ጦርነቱ ያለቀ ሰሞን የውጭ ወታደሮች ሸለቆውን ይዘው "መሣሪያ የተገኘበት ወዮለት" ባሉ ጊዜ፣ ሰዉ ጠመንጃውን አንድ ቦታ፣ መቀባበያውን ሌላ ቦታ ደበቀ። አንዱን ያገኘ ምንም አላገኘም። ጠመንጃው ድርቆሽ ውስጥ፣ መቀባበያው በሰም ተጠቅልሎ ንብ ቀፎ ውስጥ። ንብ የሚደፍር ወታደር የታለ? የሌናርት እናት ራሷ እንደዚያ አድርጋለች። ድርቆሹ ተበረበረ፣ የተገኘው ጠመንጃ ሁሉ ተለቅሞ ሄደ፤ መቀባበያዎቹ ግን ቀሩ። ጠመንጃ የሌላቸው መቀባበያዎች ዛሬም በየቀፎው ሥር ተኝተዋል። የሚጥላቸው የለም፣ የሚያስታውሳቸውም የለም፤ ሌናርትን ጨምሮ።

አንድ የመኸር ቀን ኡርባን በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ተራራው ላይ ፔች የሚባለው የእርሻ ቤት ባለቤት ነው፤ ድምፁ ከሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ሲስቅ መስኮት የሚያርገበግብ። አንድ ልጁን ዛላን ክርስትና ያነሳት ሌናርት ስለሆነ አበልጆች ናቸው።

"አበልጄ፣ ተቀመጥ! የማሳይህን ቆመህ ካየኸው ትወድቃለህ።"

"እኔ ወድቄ የማውቀው ያንተን የፖም ጠጅ ጠጥቼ ነው።"

"ዛሬ ጠጅ አይደለም።" ኡርባን ከብብቱ ስር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ አጠገብ ፈታው። የጠመንጃ ልብ ነው፤ ሰማያዊነቱ እንደ ርግብ አንገት ያብለጨልጫል። "የአባቴ ነው። ለዛላ። በቅዱስ ሁበርት ቀን አስባርኬ፣ እዚያው ቀን የመጀመሪያዋን የተራራ ፍየል በአያቷ ብረት ትጥላለች። እርሻውን የምትወርሰው እሷ፣ ልቡንም የምትወርሰው እሷ። እንጨቱን አንተ ምረጥ፤ አልነዘንዝህም።"

ሌናርት አልነካውም። "የአባትህ ጠመንጃ ከቤቱ ጋር ተቃጥሎ የለ እንዴ?"

የፔች አሮጌ ቤት ባለፈው ዓመት በጋ መብረቅ ወርዶበት ከነድርቆሹ አመድ ሆኗል። እሳቱ ከሸለቆው ማዶ ይታይ ነበር።

"እንጨቱ ነዋ የተቃጠለው! ብረት ይቃጠላል እንዴ? ከአመዱ ራሴ ነኝ የዛቅሁት። ከሰል መስሎ ነበር። አማችህ ፎልቴይ አጽድቶ፣ ሞላዎቹን ለውጦ፣ ይኸን የመሰለ ቀለም አለበሰልኝ። ሙሽራ አይመስልም?"

ሌናርት አሁን አነሳው። መቀባበያውን አውጥቶ ቤቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሳት የጎበኘው ብረት ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ነው፤ ዱቄት ቢቀባም ጉድጓዱ አይጠፋም። ጉጦቹ በሚያርፉበት ጥጋት ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነበሩ። ሞረዱን አንስቶ በሆዱ በኩል አስነካው። ክርር አለ። ነከሰው። አይብ እንደ መፋቅ ነው።

"በዚህ ላይ አልሠራም።"

"ምን?"

"ለስልሷል። ከቆርቆሮ አይሻልም።"

"ብረት በእሳት አይደለም እንዴ የሚሠራው?"

"በእሳት ይሠራል፣ በእሳት ይፈርሳል። ሠሪው የሚያውቀው መቼ ከእሳት እንደሚያወጣው ነው። ያንተን ቤት እሳት ማን ተቆጣጠረው?" ሌናርት ከመደርደሪያው አንዱን አወረደ። "ይኸን ውሰድ። ጦርነት አላየም፣ እሳት አላየም። አሥር ዓመት አስቀምጬዋለሁ። ለክርስትና ልጄ ይሁን፤ ከኔ።"

ኡርባን እንኳን ሊነካው ዓይኑንም አላሳረፈበት። "የሌላ ሰው አባት ልብ? ልጄን በእንጀራ አባት ላሳድጋት?"

"ኡርባን፣ ፊቷ ነው..."

"ፊቷን ለኔ ተወው! አንተ ሰው፣ ከዚያ ቤት የቀረኝ ይኸ ብቻ ነው። አልጋው ነደደ፣ ሥዕሉ ነደደ፣ የእናቴ ሣጥን ነደደ። ይኸ አልነደደም። ገባህ? አልነደደም!" ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁን ለመሸፈን ሳቀ። "ብረት የሚፈራ ባለ እጅ፣ ውሃ የሚፈራ ዓሣ! ስጠኝ በል።"

ሌናርትም ሰጠው።

የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው። ሞርሳው እፊቱ፣ የብረት መጋዙ፣ ሴጌቶው፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንድ ደቂቃ ወስዶ ቢቆርጠው ኡርባን ይሳደብ ነበር፤ ምናልባት ይማታም ነበር፤ አበልጅነቱም ይፈርስ ነበር። ከዚያስ? የፈረሰ አበልጅነት ይታረቃል። ሌናርት ግን የሰው ንብረት ነው ብሎ ጠቅልሎ ሰጠው። "እኔ አልሠራሁበትም" አለ። እጁን ታጠበ፣ ሚስቱ ኔዣ ያቀረበችለትን የአሳማ ስብ የተነሰነሰበት ገንፎ በላ። እምቢ ማለቱ ሥራውን የጨረሰለት መስሎት ነበር። ብዙ ደግ ሰው እንደዚህ ነው፤ ክፉ ነገር በኔ እጅ አይሠራ እንጂ በሌላው እጅ ቢሠራ እንቅልፉን ይተኛል።

ሌላው እጅ ሩቅ አልነበረም። ፎልቴይ የኔዣ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቀልደኛ፣ እጀ ፈጣን፣ የመጣለትን ሥራ ሁሉ የሚቀበል። ሌናርት ወሬውን የሰማው መጠጥ ቤት ነው፤ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ፎልቴይን ወደ ጥግ ሳበው።

"የኡርባንን ብረት ይዘሃል አሉ።"

"ይዣለሁ፣ አማቼ። አንተ የጣልከውን ልጅ እኔ ጡት አጠባሁት።"

"ሞረድ ይበላዋል።"

"ይበላው ነበር! በአጥንት ከሰል ቀብሬ አጋልኩት፣ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። አሁን ሞረድህን ይዘህ ና፣ ጥርሱ ካልረገፈ ጠጅ እኔ ልክፈል። ቆዳው እንደ ድንጋይ ነው።"

"ቆዳው! ውስጡስ?"

"ውስጡን ማን ያየዋል?"

"ጥይቱ ያየዋላ! እንቁላል ነው የሠራኸው፣ ፎልቴይ። ላዩ ድንጋይ፣ ውስጡ ውሃ።"

"የጠመንጃ ፍተሻ ቤቱ ተኩሶበት ማኅተሙን መትቶልኛል። አንተ ከማኅተም ትበልጣለህ?"

"ማኅተሙ የዚያን ቀን ነው የሚመሰክረው። ለስላሳ ብረት በአንድ ቀን አይሞትም፤ ትንሽ ትንሽ እያለ ነው የሚሰጠው።"

ፎልቴይ ብርጭቆውን አነሳ። "እህቴን ሰላም በልልኝ። ደግሞ ሰው እየሰማ ነው፤ ድምፅህን ቀነስ አድርግ።"

ሌናርት ድምፁን ቀነሰ። በዚያች ከተማ አንድ ባለ እጅ የሌላውን ባለ እጅ ሥራ በደንበኛ ፊት አያነውርም። ሥራ የሚጀምር ሁሉ እጁን ሞርሳ ላይ አድርጎ ይህን ይምላል፤ አባቶቻቸውም ምለዋል። ስንት ጥሩ ስም በዚህ መሐላ እንደተጠበቀ ይነገራል። ስንት ጣትና ስንት ዓይን እንደሄደበት ግን አይነገርም።

"ሂድና ለልጅቷ ንገራት" አለችው ኔዣ ቤት ሲገባ።

"ለአባቷ ነግሬዋለሁ።"

"የሚተኩሰው አባቷ ነው?"

"ወንድምሽ ነው እኮ፣ ኔዣ። ስሙን በአደባባይ ላጥፋው?"

"ወንድሜን አውቀዋለሁ። አብሬው ነው ያደግሁት፤ የሰበረውን ሳህን በማር አጣብቆ መደርደሪያ ላይ የሚመልስ ልጅ ነበር። ሂድና ንገራት ነው የምልህ።"

"ተይኝ። ዝም አይነቅዝም።"

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው። ይነቅዛል፤ ከውስጥ ነው የሚነቅዘው፣ ላዩ ደህና እየመሰለ።

በቡራኬው ዋዜማ ዛላ ራሷ መጣች። ትራክተሯን ደጁ ላይ ገትራ፣ የጫማዋን ጭቃ ደጃፉ ላይ እየፋቀች፣ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ታቅፋ። ያገኘችውን ሁሉ የምትቀልድበት፣ አባቷን እንኳ የማትፈራ ልጅ ናት።

"የክርስትና አባቴ! መርቀኝ። ካልመረቅከኝ ነገ ፍየሏ ትስቅብኛለች።"

ሌናርት ጠመንጃውን ተቀበላት። እንጨቱ ያምራል፤ ፎልቴይ ለእንጨት አያንስም። መቀባበያውን ሊያነሳ ሲል ተጣበቀበት።

"እሱን በመዳፍህ መታ አድርገው" አለች ዛላ። "መጀመሪያ እንደ ቅቤ ነበር። በተኮስኩ ቁጥር እየከበደ መጣ። ፎልቴይ 'አዲስ ሙሽራ ናት፣ ትላመዳለች' አለኝ።"

መታ አደረገው። ከፈተው። ወደ መስኮቱ ማዞር አላስፈለገውም፤ አውቆታል። ጉጦቹ በለስላሳው ብረት ላይ የራሳቸውን ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። እያንዳንዱ ጥይት መቀባበያውን አንዲት ፀጉር ያህል ወደ ኋላ፣ ወደ ልጅቷ ፊት ይገፋዋል። የመጨረሻዋ ፀጉር የትኛዋ እንደሆነች አይታወቅም።

"ተይልኝ እስቲ፤ ዘይት ልቀባልሽ።"

"ነገ ቡራኬ ነው እኮ! አባዬ ዛሬ ያለሱ ብመለስ እኔን ነው የሚያርደኝ።"

"እንግዲያው አትተኩሺበት።"

"ለምን?"

ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። *ይፈነዳል።* አንድ ቃል ነው። ነገር ግን ከዚያ ቃል ኋላ የፎልቴይ ስም ነበረ፣ የሞርሳው መሐላ ነበረ፣ የኡርባን ሳቅ ነበረ።

"አልወደድኩትም" አለ ሌናርት።

ዛላ ትክ ብላ አየችው። "አባዬ ይህን እንደምትል ነግሮኛል። 'ሌላ ሰው ስለሠራው ይቀናል' አለኝ። እውነት ነው?"

"በደንብ... በደንብ ያዢው" አላት።

ትራክተሩ እያጓራ ሄደ። ሌናርት ቆሞ ጭቃው ላይ የቀረውን የጎማ ዱካ አየ። ኔዣ ከኩሽና ሁሉንም ሰምታለች። ድስቱን ከወትሮው በኃይል አስቀመጠችው።

የአዳኞች ጠባቂ የቅዱስ ሁበርት ጸሎት ቤት ከጫካው ጠርዝ ላይ ናት፤ ትንሽ ስለሆነች ሰውና ጠመንጃ አብረው አይገቡባትም። ስለዚህ አዳኞቹ ጠመንጃቸውን ባዶ አድርገው ውጭ ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ፣ ቄሱ መጥቶ ይባርካል፣ ከዚያ ሁሉም ለቅዳሴ ይገባል። ተባርኮ የቆመ ጠመንጃ እስኪወጡ ድረስ አይነካም። የነካ ዓመቱን ሙሉ ገዱ ይጠፋል ይባላል።

በዚያ ጠዋት መዝሙሩ ሲጀመር አንድ ሰው ውጭ ቀረ። ሌናርት በግድግዳው ሥር እየሄደ አገኘው፤ ሰማያዊው ከሁሉም ይለያል። በመዳፉ መታ አድርጎ ከፈተው፣ የጎኑን መያዣ በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ መቀባበያውን ሳበ፤ እንደ እሾህ ወጣለት። ካፖርቱ ውስጥ ከተተው። መቀባበያ የሌለው ጠመንጃ በትር ነው። በበትር ደግሞ ማንም ዓይኑ አይጠፋም።

ድልድዩ ላይ ሲደርስ ድራቫ ውስጥ ጣለው። አረንጓዴው ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ዋጠው።

ሌናርት ከስንት ጊዜ በኋላ እያፏጨ ቤቱ ገባ። ይኸ ሰው በጓዳው ሌባ መሆንን በአደባባይ እውነት ከመናገር ይልቅ ቀላል ሆኖ ያገኘው መሆኑ ለራሱ አልታየውም። ኮራ። ኔዣ ገንፎውን እያቀረበች ሰረቅ አድርጋ አየችው።

"ምን አግኝተህ ነው? ሰክረሃል?"

ነገራት። ማንኪያውን እያወዛወዘ፣ ሁሉንም ነገራት።

ኔዣ አልሳቀችም። "ኡርባን ዛሬ አደኑን የሚተው ይመስልሃል? ሸለቆውን ሁሉ ጠርቶ?"

"በምን ያድናል? መቀባበያው ዓሣ ጋ ነው።"

"የፔች ሰዎች ቀፎ አልነበራቸውም?"

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

ነበራቸው። የኡርባን አባት ሁለት ጠመንጃ ነበረው። አንዱን ወታደሮቹ ከድርቆሹ አውጥተው ወሰዱት፤ መቀባበያው ግን ከቀፎው ሥር እንደተጠቀለለ ቀርቷል። ቀፎዎቹ ከቤቱ ርቀው ስለቆሙ እሳቱም አልደረሰባቸው። ሌናርት ይህን ያውቅ ነበር። ሸለቆው ሁሉ ያውቃል። የማይወራ ነገር ሆኖ ከአእምሮው ወጣ እንጂ።

የዚህ ዘር ጠመንጃ ክፋቱ ደግሞ ይኸ ነው፦ የአንዱ መቀባበያ በሌላው ቤት ይገባል። ይገባል ማለት ግን ይገጥማል ማለት አይደለም። በገዛ መቀባበያው እንኳ የሚሰጥ ለስላሳ ቤት፣ ባዕድ መቀባበያ ሲገባበት ጥይቱ በሰፊ ጫማ ውስጥ እንዳለ እግር ይሆናል። ሌናርት አዳንኩ ብሎ ያደረገው ይህንን ነው። የመጨረሻዋን ፀጉር በገዛ እጁ በጠሳት።

ካፖርቱን ሳይለብስ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ሽቅብ ነዳ። ፔች ሲደርስ ግቢው ጭር ብሏል። የቀፎዎቹ መደብ ጋ ሄደ። አንደኛው ቀፎ ጠርዙ ተፈልቅቆ ዘንበል ብሏል። በብርድ የደነዘዙ ንቦች ጣውላው ላይ እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተበታትነው ይንቀሳቀሳሉ። መሬት ላይ አሮጌ ሰም ወድቋል፤ የመቀባበያው ቅርጽ ታትሞበታል፣ ጉጦቹ ሳይቀሩ።

ወደ ገደሉ የሚወስደውን መንገድ ይዞ መሮጥ ጀመረ። "ዛላ!" እያለ ይጮኻል። አሁን ጮኸ። በአደባባይ፣ በሙሉ ድምፁ፣ የሚሰማው ዛፍ ብቻ በሆነበት ቦታ።

የጠመንጃ ድምፅ በተራራ ላይ ሁለት ነው፤ ከአፉ የሚወጣውና ከገደሉ የሚመለሰው። ያን ቀን የሰማው ሦስት ነበር። ከመጀመሪያው ጋር ተደርቦ አንድ አጭር፣ ደረቅ ድምፅ ወጣ፤ ጣውላ በጉልበት ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት። ከዚያ ገደሉ መለሰ። ከዚያ የኡርባን ድምፅ፤ ያ መስኮት የሚያርገበግበው ድምፅ፣ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

ኡርባን ተሸክሟት ሲወርድ ሌናርት አገኘው። ባርኔጣውን ፊቷ ላይ ደፍቶባታል። ዛላ አታለቅስም፤ ጥርሷ ብቻ ይንገጫገጫል። ሌናርት በእግሯ በኩል ያዘ።

"የሰረቀኝ ሰው!" ይላል ኡርባን እየተንገዳገደ። "መቀባበያዬን የሰረቀኝ ሰው ነው ያጠፋኝ! በአባቴ ልብ ላይ ባዕድ አስገባኝ! ማን እንደሆነ አገኘዋለሁ፣ አበልጄ፣ አገኘዋለሁ!"

ሌናርት መናገር ነበረበት። እግሯን ይዞ ወረደ።

የቀኝ ዓይኗን ሐኪሞቹ ሊያድኑላት አልቻሉም።

ልጅቷ ሆስፒታል ሳለች ሸለቆው ሌባ ፈለገ። መጠጥ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ወሬው አንድ ነው። ከሁሉ በላይ የሚራገመው ፎልቴይ ነበር። "የራሱ መቀባበያ ቢኖር ምንም አትሆንም ነበር! ማኅተም ያለው ሥራ ነው! ከዚያ ሌባ ጋር ቢያገናኙኝ እጁን ሞርሳ ውስጥ አስገብቼ..." እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። ስለተቃጠለው ብረት አንድም ሰው አላነሳም። ሌባ ሲገኝ እንዴት ደስ ይላል! ሌባ ከተገኘ ልማዱ ንጹሕ ነው፣ የአባት ልብ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም ደረቱን እንደነፋ ይቀጥላል። ሌናርት ጥግ ተቀምጦ ይሰማል። ጠጁን አልጨረሰውም።

ዛላ የመጣችው የአደኑ ወቅት ሳያልቅ ነው። ትራክተር አልነዳችም፤ በእግሯ ነው የወረደችው። ዓይኗ ላይ ነጭ ጨርቅ አለ፣ ጉንጯ ላይ ባሩዱ ጥቁር ነጠብጣብ አስቀርቷል። ጀርባዋ ላይ የነበረውን ከረጢት አውርዳ ሞርሳው አጠገብ አስቀመጠች።

"አባዬ ሊቀብረው ነበር። ከአያቴ አጠገብ። ሰርቄው መጣሁ።"

ሌናርት ቆመ። "ስርቆት ካነሳሽ" አለ። "መቀባበያውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ድራቫ ውስጥ ነው። እንዳትተኩሺ ብዬ ነው። ቀፎውን ረሳሁት።"

ከውጭ የኔዣ የእንጨት መፍለጥ ይሰማል።

"ስርቆትህን ተወው" አለች ዛላ። "እንደሚፈነዳ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"መጥቼልህ ነበር። እዚሁ ቆሜ 'ለምን?' ብዬሃለሁ።"

"አትተኩሺበት ብዬሽ..."

"'አልወደድኩትም' ነው ያልከኝ! እኔም የማልወደው ብዙ ነገር አለ። ገንፎ አልወድም። ገንፎ ግን ዓይን አያወጣም፣ የክርስትና አባቴ!"

ሌናርት ዓይኑን ወደ ከረጢቱ መለሰ።

ዛላ ከረጢቱን ፈታች። ልቡ ከተሰነጠቀው ሰደፍ ጋር ነው። ሰማያዊው አሁንም ያብለጨልጫል፤ ምንም እንዳላደረገ።

"ቁረጠው።"

ሞርሳው ውስጥ አጠበቀው፣ ሴጌቶውን ከግድግዳው አወረደ። ቆዳው ላይ ጥርሱ ትንሽ ተንሸራተተ፣ ጮኸ። ከዚያ ቆዳውን አለፈና ሰመጠ፤ እርጥብ እንጨት እንደሚቆርጥ ሰው ነበር የሚገፋው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ዛላ እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፣ የቀረውን ራሷ ጨረሰች። አንዷን ግማሽ አንስታ በአንድ ዓይኗ ወደ መስኮቱ አየቻት። ዳር ዳሩ ቀጭን፣ ብሩህ ቅርፊት፤ መሐሉ አመድማ።

"እንቁላል" አለች።

"ለፎልቴይም ያንን ነው ያልኩት።"

"ለፎልቴይ ነገርከው፤ ለአባዬ ነገርከው።" ብረቱን አስቀመጠች። "በጦርነቱ ጊዜ ተራራው ላይ ስንት ቤት ተቃጠለ?"

"እስከ ጸሎት ቤቷ ያለው ሁሉ።"

"የነዚያስ ቤቶች የጠመንጃ ልብ የት ሄደ?"

ሌናርት ሊመልስ አፉን ከፈተ። በዚያ ቅጽበት ከተራራው ላይ ተኩስ ተሰማ። ሩቅ ነው፤ አንድ አዳኝ፣ የአያቱን ብረት የያዘ። ሁለቱም ባሉበት ደረቁ። ኔዣም መጥረቢያዋን ከፍ እንዳደረገች ውጭ ቆማለች። አዳመጡ።

ሁለት ነበር። ከአፉና ከገደሉ። ሁለት ብቻ።

"ይኸኛው አልከዳም" አለች ዛላ።

"እስካሁን" አለ ሌናርት።

የተቆረጡትን ሁለት ግማሾች ከረጢቱ ውስጥ ከተታቸው። እጁን ሞርሳው ላይ ለአፍታ አሳረፈ፤ እዚያ ላይ የማለውን መሐላ እያሰበ፤ ከዚያ ከጋለ ብረት ላይ እንደሚያነሳ አነሳት። ካፖርቱን ለበሰ። መጠጥ ቤቱ በዚያ ሰዓት ሙሉ ነው፤ ፎልቴይም እዚያ አለ፣ ኡርባንም እዚያ አለ፣ ሌባውን እየተራገሙ። ሌናርት ከረጢቱን አንጠልጥሎ፣ በሩን ሳይዘጋ ወደዚያ ወጣ። ዛላ ከቀኙ ሄደች፤ እሱ በምታይበት ዓይኗ በኩል እንዲሆን ብላ።